በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋ የገብስ ክሽክሽን መለየትና መቆጣጠር

መግቢያ

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ከፍተኛ ቦታዎች የሰውም ሆነ የእንስሳት ኑሮ በገብስ ላይ የተመሠረተ ነው። እህሉ ለእንጀራ፣ ለቆሎ፣ ለበሶና ለጠላ ይውላል፤ ገለባው ደግሞ የመንዝን በግና የእርሻ በሬውን በበጋ ያቆያል። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጠው ውርጫማ ደጋ ገብስን ሊተኩ የሚችሉ የብርዕ ሰብሎች ጥቂት ናቸው። ስለሆነም ገብስ ሲጠፋ ቤተሰቡ እህሉንም የከብቱንም መኖ በአንድ ጊዜ ያጣል።

ይህን ሰብል ከሚያሰጉት ተባዮች አንዱ በሳይንሳዊ ስሙ ዲዩራፊስ ኖክሲያ የሚባለው የሩስያ የስንዴ ክሽክሽ ነው። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በትግራይ ደጋ በገብስ ላይ ታይቷል፤ በኋላም በወሎና በሸዋ ተመዝግቧል። በደቡብ አፍሪካ በ1978፣ በአሜሪካ በ1986፣ በአውስትራሊያ ደግሞ በ2016 ተገኝቷል። በሀገራችን በተደረጉ ጥናቶች በገብስ ምርት ላይ ከ41 እስከ 79 በመቶ የሚደርስ ጉዳት ማድረሱ ተገልጿል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ተባዩ በወቅቱ የሚለይበትን መንገድ ማሳየትና፣ በወቅቱ አለመለየቱ የመቆጣጠሪያ ዘዴዎችን እንዴት ከንቱ እንደሚያደርግ ማስረዳት ነው።

የጉዳቱ አመጣጥ

ክሽክሹ የቅጠሉን ፈሳሽ በሚመጥበት ጊዜ በምራቁ አማካይነት መርዛማ ንጥረ ነገር ያስገባል። በዚህ ምክንያት የቅጠሉ አረንጓዴ ቀለም ይጠፋል፤ በቅጠሉ ቁመት ልክ ነጭ፣ ቢጫ ወይም ሐምራዊ ሰንበሮች ይወጣሉ። ሐምራዊው ቀለም በተለይ በብርዳማ አየር ጎልቶ ይታያል። ቀጥሎ የቅጠሉ ጠርዞች ወደ ውስጥ ይጠቀለሉና ቅጠሉ እንደ ቱቦ ይሆናል። የመጨረሻው ቅጠል ከተጠቀለለ ዛላው በነፃነት መውጣት ስለማይችል ጢሙ ተይዞ እንደ መንጠቆ ይቆለመማል፤ ፍሬውም አይሞላም።

የተጠቀለለው ቅጠል ለተባዩ መኖሪያም መሸሸጊያም ነው። በውስጡ የተሸሸገው ክሽክሽ እንደ ጥንዚዛ ካሉ የተፈጥሮ ጠላቶቹ በከፊል ይጠበቃል፤ በንክኪ ብቻ የሚገድል መድኃኒት ቢረጭም አይደርሰውም። ስለዚህ ሰንበሩ ከሩቅ ሲታይ ርጭት የሚጀምር ገበሬ ብዙውን ጊዜ ገንዘቡን የሚያወጣው ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው።

ከሌሎች ችግሮች መለየት

በደጋው የገብስ መንጣት ከውርጭ ወይም ከዝናብ እጥረት ጋር በቀላሉ ይምታታል። ሆኖም ውርጭ የመታው ማሳ በአብዛኛው ከአንድ ብርዳማ ሌሊት በኋላ በድንገት ይነጣል፤ ጉዳቱም ቀዝቃዛ አየር በሚተኛበት ረባዳ ቦታ ይበረታል። የዝናብ እጥረት ቅጠሉን ሊጠቀልለው ቢችልም ጥርት ያሉ ነጭና ሐምራዊ ሰንበሮችን አያወጣም። የገብስ ቢጫ አቀጭጭ ቫይረስም ቅጠሉን ከጫፉ ጀምሮ ያቢጫል እንጂ እንደ ቱቦ አይጠቀልለውም። ክሽክሽ ግን መጀመሪያ በማሳው ውስጥ እዚህም እዚያም ይታያል፤ የተጠቀለለው ቅጠል ሲፈታም ተባዩ ራሱ ከነልጆቹና ከነጣላቸው ነጫጭ ቆዳዎች ይገኛል።

በገብስ ላይ የሚገኙት ክሽክሾች ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። የሩስያው ክሽክሽ ከ2.5 ሚሊ ሜትር ያነሰ፣ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ፣ እንደ እንዝርት ሾጠጥ ያለና ቀጠን ያለ ዱቄት የለበሰ ነው። አንቴናው አጭር ነው፤ በሌሎች ክሽክሾች ጀርባ ላይ ጎልተው የሚታዩት ሁለት ቱቦዎችም በእሱ ላይ እስከማይታዩ ድረስ አጫጭር ናቸው። ክንፍ የሌለው ክሽክሽ በማጉያ መነጽር ከጎን ሲታይ ከጅራቱ በላይ ሌላ ተጨማሪ ጉጥ ስላለው ባለ ሁለት ጅራት ይመስላል። የበቆሎ ቅጠል ክሽክሽ ግን ጠቆር ያለ ሰማያዊ አረንጓዴ ነው፤ የጽጌረዳና የእህል ክሽክሽ የሚባለው ደግሞ በጀርባው መካከል ጠቆር ያለ አረንጓዴ መስመር አለው።

ከበልግ ወደ መኸር የሚሻገር ተባይ

ክሽክሹ በኢትዮጵያ ያለ ወንድ ተራቢ ነው፤ እንቁላል ሳይጥል ሕይወት ያላቸውን ልጆች ይወልዳል። እንቁላሉ በአፈር ውስጥ ቆይቶ የሚፈለፈል ባለመሆኑ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ሣር ወይም ሰብል ያስፈልገዋል። በልግና መኸር የሚዘራበት ደጋ ይህን ሁኔታ ያመቻችለታል። የበልጉ ገብስ ሲደርቅ ክንፍ ያላቸው ክሽክሾች በነፋስ ተወስደው ወደ መኸሩ ቡቃያ ይሻገራሉ፤ ከመኸር በኋላ ደግሞ ወፍ ዘራሽ ገብስና የዱር ሣር ያቆዩታል። ከባድ ዝናብ ቁጥሩን ስለሚቀንሰው፣ ዝናቡ በሚቆራረጥበት የበልግ ወቅት ሥጋቱ ይበልጣል።

የመቆጣጠሪያ ዘዴዎች

የመጀመሪያው ሥራ አሰሳ ነው። ከቡቃያ ጀምሮ ማሳውን በየሳምንቱ ወዲያና ወዲህ እየተጠማዘዙ በመዞር ከተለያየ ቦታ 100 ቀንበጦችን መመልከትና ክሽክሽ ያለባቸውን መቁጠር ይገባል። በአሜሪካ የስንዴ አምራች አካባቢዎች ከ10 እስከ 20 በመቶ የሚሆነው ቀንበጥ ሲጠቃ እርምጃ ይወሰዳል። ይህ አኃዝ ግን በሰብሉ ዋጋና በመድኃኒቱ ወጪ የሚወሰን ስለሆነ ለመንዝ ገብስ እንዳለ ሊወሰድ አይገባም።

ሁለተኛው የመሻገሪያ መንገዱን መቁረጥ ነው። አዲሱ ሰብል ከመብቀሉ ሁለት ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ ወፍ ዘራሹን ገብስ አርሶ መገልበጥ ወይም በበግ ማስጋጥ ወጪው አነስተኛ ነው። ዝናቡ እንደፈቀደ ቀድሞ መዝራትም ሰብሉ ተባዩ ከመብዛቱ በፊት እንዲጠነክር ይረዳል።

ሦስተኛው ተቋቋሚ ዝርያ ነው። ደቡብ አፍሪካ በ1990ዎቹ ተቋቋሚ ስንዴ በማሰራጨት ርጭትን ቀንሳለች። ይሁን እንጂ በ2003 በአሜሪካ ኮሎራዶ የስንዴውን ተቋቋሚነት የሚያልፍ አዲስ የክሽክሽ ዓይነት ታይቷል። ስለሆነም በአንድ ዝርያ ብቻ ከመተማመን የአካባቢውን ልዩ ልዩ የገብስ ዘሮች ጠብቆ መፈተሽ ያስፈልጋል።

ኬሚካል የመጨረሻው አማራጭ ነው። በተክሉ አካል ውስጥ የሚሰራጭ መድኃኒት ወይም ዘርን በመድኃኒት ማሸት በተጠቀለለው ቅጠል ውስጥ ያለውን ክሽክሽ ሊደርስበት ይችላል። ነገር ግን ጥንዚዛዎችን፣ ጥገኛ ተርቦችንና ንቦችን ሊጎዳ፣ በገለባው በኩልም ለበጎች ሊደርስ ስለሚችል፣ የተመዘገበውን መድኃኒት በተወሰነው መጠን ብቻ መጠቀምና ከርጭት እስከ አጨዳ ሊቆይ የሚገባውን ጊዜ መጠበቅ ግዴታ ነው። በመድኃኒት የታሸ ዘርም ለምግብ ሊውል አይገባም።

ማጠቃለያ

የሩስያው ክሽክሽ የሚያሸንፈው በብዛቱ ብቻ ሳይሆን በመደበቁም ጭምር ነው። ሰንበሩ ውርጭ ነው ተብሎ ሲታለፍ ቅጠሉ ይጠቀለላል፤ ከተጠቀለለ በኋላ የሚወሰደው እርምጃ ውድና ደካማ ይሆናል። የልማት ሠራተኛው በእጁ ሊይዘው የሚገባው የመጀመሪያ መሣሪያም ማጉያ መነጽር እንጂ የመርጫ ታንከር አይደለም። ተመራማሪዎችም ለደጋው ገብስ በበልግና በመኸር ለየብቻ የእርምጃ መነሻ መጠን ቢያወጡ፣ አሰሳው በግምት ሳይሆን በቁጥር የሚመራ ይሆናል።