የመጀመሪያ የቼዝ ውድድራችሁን ዘንድሮ ተጫወቱ

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለው ተረት ብዙ ጎበዝ ልጆችን ከቼዝ ውድድር አስቀርቷል። አርባ ምንጭ ውስጥም ሲቀላ ላይ ጓደኞቹን በየተራ የሚረታ፣ ሴቻ ላይ ማታ ማታ በስልኳ ከማታውቀው ሰው ጋር ስትጫወት የምታመሽ አይጠፋም። «ውድድር አለ፤ ተመዝገቡ» ሲባሉ ግን መልሱ አንድ ዓይነት ነው፦ «ገና አልበቃሁም፤ ትንሽ ልለማመድ።» ልምምዱ ዓመት ይሞላዋል፤ ሌላም ዓመት ይደግማል። ተረቱ ጥምጥም ለሚጠመጥመው ቄስ ልክ ነው። ለቼዝ ተጫዋች ግን መጠምጠሙ ራሱ ትምህርት ነው፤ ሰዓት እየሮጠ፣ የማያውቁት ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ የሚገኘውን ትምህርት በቤት ልምምድ አታገኙትም።

ትልቁ ፍርሃት «በመጀመሪያው ዙር ተሸንፌ ብባረርስ?» የሚለው ነው። አትባረሩም። አብዛኛው የቼዝ ውድድር ጥሎ ማለፍ አይደለም፤ የሚካሄደው የስዊስ ሥርዓት በሚባለው ነው። ሥርዓቱ መጀመሪያ የተሞከረው እ.ኤ.አ. በ1895 በዙሪክ ከተማ ነው፤ ዛሬ በየሁለት ዓመቱ የሚደረገው የቼዝ ኦሊምፒያድ ሳይቀር 11 ዙር የሚጫወተው በዚሁ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። ያሸነፈ 1 ነጥብ፣ አቻ የወጣ ግማሽ፣ የተሸነፈ 0 ያገኛል፤ በሚቀጥለው ዙር እያንዳንዱ በተቻለ መጠን የእርሱን ያህል ነጥብ ካለው ጋር ይገናኛል፤ አንዴ የተጫወቱ ሁለት ሰዎች ዳግም አይገናኙም። ስለዚህ በመጀመሪያው ዙር የዓመታት ልምድ ካለው ሰው ጋር ደርሷችሁ ብትሸነፉ፣ ሁለተኛውን የምትጫወቱት እንደ እናንተው ከተሸነፈ ሰው ጋር ነው። ሦስተኛውና አራተኛው ዙር ላይ አቻችሁ ፊት ትቀመጣላችሁ። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ የታሰበበት ሥርዓት አላውቅም።

የኡጋንዳዋን ፊዮና ሙቴሲን አስታውሱ። ካምፓላ ካትዌ በሚባለው የድሆች ሰፈር አድጋ፣ ወንድሟን ተከትላ ሮበርት ካቴንዴ ልጆችን ቼዝ ከሚያስተምርበት ቦታ የደረሰች ልጅ ናት፤ መጀመሪያ የሳባት ቼዙ ሳይሆን እዚያ የሚታደለው አጥሚት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 ሩሲያ፣ ሃንቲ ማንሲስክ ላይ ለአገሯ በኦሊምፒያድ ተሰልፋ ከ7 ጨዋታ ያገኘችው አንድ ተኩል ነጥብ ብቻ ነው። ብዙዎቻችን «አልበቃሁም» ብለን የምንሸሸው ውጤት ይኸው ነው። እርሷ ግን እ.ኤ.አ. በ2012 ኢስታንቡል ላይ እንደገና ቀረበች፤ የሴቶች ዕጩ ማስተር ማዕረግም አገኘች። የመጀመሪያውን ባትጫወት ሁለተኛው ከየት ይመጣ ነበር?

ስለ ነጥብ ደረጃ ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው ደስ የሚል ሕግ አለ። በዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ፊዴ ደረጃ ለማግኘት በኢትዮጵያ ቼዝ ፌዴሬሽን በኩል መለያ ቁጥር ይወጣላችኋል፤ ከዚያ ደረጃ ካላቸው ተጫዋቾች ጋር ቢያንስ 5 ጨዋታ ያስፈልጋል፤ በአንድ ውድድር ባይሞላ ከሌላው ጋር ይደመራል። ደስ የሚለው ይኸውላችሁ፦ ደረጃ የሌለው ተጫዋች በመጀመሪያ ውድድሩ ሁሉንም ቢሸነፍ፣ ያ ዜሮ አይቆጠርበትም። ሕጉ ራሱ «ይቅር ተብለሃል፤ ደግመህ ና» ይላል። ሌላም አለ፤ በፊዴ ስሌት ከእናንተ በ200 ነጥብ የሚበልጣችሁ ሰው እንኳ ከአራት ነጥብ አንዱን ያህል ለእናንተ እንደሚጥል ይገመታል። ተጋጣሚያችሁ ከስሙ ጎን ባለው ቁጥር አያስደንግጣችሁ።

አሁን ወንበሩ ላይ እንቀመጥ። ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት እጅ ትጨባበጣላችሁ፤ ጥቁሩን የያዘው ተጫዋች ሰዓቱን ሲጫን የነጩ ደቂቃ መቁጠር ይጀምራል። ጀማሪን የሚጥለው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ያለ ጥቃቅን ነገር ነው። ጠጠሩን ያንቀሳቀሳችሁበት እጅና ሰዓቱን የምትጫኑበት እጅ አንድ መሆን አለበት፤ በቀኝ አንስቶ በግራ መጫን አይፈቀድም። የነካችሁትን ጠጠር ማንቀሳቀስ ግዴታ ነው፤ «አይ፣ ቆይ» የለም። ስለዚህ እጃችሁን ጭናችሁ ላይ አድርጉ፤ መጀመሪያ ዓይናችሁ ይሂድ፣ እጃችሁ ይከተል። በረጅሙ ጨዋታ እያንዳንዱን እርምጃ ወረቀት ላይ መጻፍ አለባችሁ፤ ይህን ከጓደኛ ጋር ስትጫወቱ ከአሁኑ ልመዱት። ስልክ ደግሞ ጠፍቶም ቢሆን ኪስ ውስጥ ይዞ መጫወት አይቻልም፤ ለዳኛው ይሰጣል ወይም አዘጋጁ በወሰነው ቦታ ይቀመጣል።

የጨዋታ አከፋፈት በማጥናት ወራት አትፍጁ። በጀማሪዎች ውድድር አብዛኛው ጨዋታ የሚያልቀው አንዱ ፈረሱን ወይም ንግሥቱን በነፃ ስለሰጠ ነው። ከመጫወታችሁ በፊት «ይህን ካደረግሁ ምን ይበላብኛል? እርሱስ አሁን ያንቀሳቀሰው ምን ሊበላ ነው?» ብላችሁ ሁለቱን ጥያቄ በየእርምጃው የምትጠይቁ ከሆነ ከግማሹ ተወዳዳሪ ቀድማችኋል። ለዚህ ሊቼስ በተባለው ነፃ የቼዝ ድረ ገጽ ላይ በቀን ጥቂት እንቆቅልሽ መፍታት ከአከፋፈት ቪዲዮ ይልቅ ይጠቅማል።

ቼዝ የሰው አገር ጨዋታ የሚመስለውም አለ። ሰንጠረዥ የተባለውን የአገራችንን የቀድሞ ቼዝ በአፄ ልብነ ድንግል ዘመን በቤተ መንግሥት ይጫወቱት እንደነበር ይነገራል፤ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የትግራዩ ራስ ወልደ ሥላሴም ሲጫወቱ የውጭ ተጓዦች አይተዋቸዋል። ልዩነቱ አካሄዱ ነው። በሰንጠረዥ ወረራ በሚባለው መክፈቻ፣ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ እንዳሻቸው ያንቀሳቅሳሉ፤ ተመልካቹም ዝም አይልም ነበር። የዛሬው አዳራሽ በተራና በዝምታ ነው። ዱቡሻ በሚባለው የጋሞ ሸንጎ ላይ አንዱ ሲናገር ሌላው ሲያዳምጥ እያየ ያደገ የጋሞ ልጅ ግን ይህን ዝምታ ለመልመድ የሚቸገር አይመስለኝም።

«እሺ፤ ውድድሩ የት ነው?» ትሉ ይሆናል። ተቀጣሪ ከሆናችሁ የሠራተኛ ማኅበራችሁን ጠይቁ፤ የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን (ኢሠማኮ) የሠራተኞች ስፖርት ውድድር ቼዝን ከዳማና ከገበጣ ጋር ያካትታል። ተማሪ ከሆናችሁ የትምህርት ቤታችሁን ወይም የዩኒቨርሲቲውን የስፖርት ክፍል አንኳኩ። በአቅራቢያ ከሌለ ደግሞ ራሳችሁ አዘጋጁ፤ የሚያስፈልገው ከምታስቡት ያነሰ ነው። 16 ሰው፣ 8 ሰሌዳ፣ አንድ ዳኛ። የቼዝ ሰዓት ከሌለ ለእንዲህ ያለ የጓደኛሞች ውድድር የስልክ መተግበሪያ ይበቃል፤ ስልኩን በረራ ሁነታ ላይ አድርጋችሁ ከሰሌዳው ጎን አስቀምጡት። ለእያንዳንዱ ተጫዋች 15 ደቂቃ ስጡ፤ አንድ ጨዋታ ከግማሽ ሰዓት አያልፍም። በ16 ሰው 4 ዙር ከተጫወታችሁ ሁሉንም የሚያሸንፍ ከአንድ በላይ ሊኖር አይችልም፤ ስለዚህ አቻ ካልገባበት አሸናፊው ይለያል።

ቅዳሜ ጠዋት 2፡30 ብትጀምሩ፣ በየዙሩ መካከል 10 ደቂቃ አርፋችሁም ከ5 ሰዓት ትንሽ አልፎ ትጨርሳላችሁ፤ የአርባ ምንጭ ሙቀት ሳይበረታ ማለት ነው። ከጨንቻ ወይም ከዶርዜ የሚወርዱ ካሉ መነሻውን አንድ ሰዓት ግፉላቸው። ከዚያ ወደ ዓሣ ጉላሹ ከመሄዳችሁ በፊት እርምጃችሁን ከጻፋችሁ ወረቀቱን ይዛችሁ፣ ካልጻፋችሁም እያስታወሳችሁ፣ ካሸነፋችሁ ሰው ጋር ተቀመጡ፤ ጨዋታውን ከመጀመሪያው ደግማችሁ አንቀሳቅሱና «እንደምታሸንፈኝ ያወቅኸው የትኛው እርምጃ ላይ ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። አብዛኛው ተጫዋች ይህን ለመናገር ምሳውን እንኳ ያዘገያል።