ትራስና አንገት፦ ለእንቅልፋችን የሚስማማውን ትራስ በምን እንምረጥ?

የሰው ልጅ ከዕድሜው አንድ ሦስተኛ የሚሆነውን በእንቅልፍ ያሳልፋል። በቀን ስምንት ሰዓት የሚተኛ የ21 ዓመት ወጣት እስከ ዛሬ 7 ዓመት ያህል ጭንቅላቱን በአንዳች ነገር ላይ አሳርፎ ኖሯል ማለት ነው። ያ ነገር ለአንዱ የጥጥ ወይም የስፖንጅ ትራስ፣ ለሌላው የተጣጠፈ ጋቢ፣ ለሦስተኛው ደግሞ የገዛ ክንዱ ነው። ጫማ ስንገዛ የእግራችንን ቁጥር እናውቃለን። ትራስ ስንገዛ ግን የአንገታችንንና የትከሻችንን ልክ የምናውቅ ጥቂቶች ነን፤ አብዛኛውን ጊዜ ጨርቁን አይተን፣ በእጃችን ጫን ጫን አድርገን እንገዛለን። ጠዋት አንገቱን ማዞር አቅቶት የሚነሳ ተማሪም «ሌሊት ብርድ መታኝ» ከማለት በቀር ትራሱን አይጠረጥርም። በዚህ ጽሑፍ ትራስ ምን ሥራ እንደሚሠራ፣ ቁመቱና መሙያው በምን መመረጥ እንዳለበት፣ እንደ ቀበና ባለ ደጋማ ሰፈር ለሚኖር ሰው ደግሞ ምን የተለየ ጉዳይ እንዳለ ለመመልከት እንሞክራለን።

ከብርኩማ እስከ ስፖንጅ

«ትራስ» የሚለው ቃል «ራስ» ከሚለው ቃል ጋር ዝምድና አለው፤ «ተንተራሰ» የሚለውም ግስ ከዚሁ የወጣ ነው። ያዕቆብ በጉዞው ድንጋይ መንተራሱን ከኦሪት ዘፍጥረት የምናውቅ ሁሉ፣ ለስላሳነት የትራስ ጥንታዊ መለያ እንዳልነበረ እንረዳለን። በአገራችንም ከእንጨት የተፈለፈለው ብርኩማ በብዙ ብሔረሰቦች ዘንድ በትራስነት ሲያገለግል ኖሯል። ኦሮሞዎች ቦራቲ ይሉታል። በኦሞ ሸለቆ የሐመርና የዳሰነች ወንዶች በጭቃ የተበጀ የራስ አሠራራቸው እንዳይበላሽ አንገታቸውን በትንሽ የእንጨት መደገፊያ ላይ አሳርፈው ይተኛሉ፤ ቀን ደግሞ ይቀመጡበታል። በስድስት ኪሎ የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ከያዛቸው ቅርሶች መካከል ከልዩ ልዩ የአገራችን ክፍሎች የተሰበሰቡ እንዲህ ያሉ መደገፊያዎች ይገኛሉ። በጥንታዊት ግብፅም ተመሳሳይ መደገፊያ የተለመደ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1922 በተገኘው የቱታንኻሙን መቃብር ውስጥ ከዝሆን ጥርስና ከሌሎች ቁሶች የተሠሩ የራስ መደገፊያዎች ተገኝተዋል።

ዛሬ በገበያ የምናገኘው ስፖንጅ ግን የቅርብ ጊዜ ውጤት ነው። መነሻው ፖሊዩረቴን የተባለው ቁስ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1937 በጀርመን ኦቶ ባየርና ባልደረቦቹ የፈለሰፉት ነው።

አንገት በእንቅልፍ ጊዜ

አንገታችን በሰባት የአከርካሪ አጥንቶች የተገነባ ነው። ጤናማ አንገት ከጎን ሲታይ ቀጥ ያለ አይደለም፤ ወደ ፊት በመጠኑ ጎበጥ ያለ ቅርጽ አለው። የዐዋቂ ሰው ጭንቅላት ክብደት 5 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ቀን ቀን ይህን ሸክም የአንገት ጡንቻዎች እየተኮማተሩ ሚዛኑን ይጠብቁታል። በእንቅልፍ ጊዜ ግን ጡንቻዎች ይላላሉ። በዚህን ጊዜ ጭንቅላታችን ወደ አንድ ጎን ከዘመመ፣ ጫናው ጡንቻን አልፎ በጅማቶችና በመገጣጠሚያዎች ላይ ያርፋል።

ጉዳዩን በፊዚክስ እንመልከተው። የ5 ኪሎ ግራም ጭንቅላት ክብደት 50 ኒውተን ያህል ነው። የጭንቅላቱ የክብደት ማዕከል ከአንገት ሥር 15 ሴንቲ ሜትር ይርቃል ብንል፣ በጎኑ ያለ ትራስ የተኛ ሰው አንገት ላይ የሚያርፈው የማጉበጥ ኃይል 50 ኒውተን ሲባዛ በ0.15 ሜትር፣ ማለትም 7.5 ኒውተን ሜትር ይሆናል። ትራስ ከታች ሆኖ የሚሸከመው ይህንን ነው። እንግዲህ የትራስ ዋና ሥራ ማሞቅ ወይም ማለስለስ ሳይሆን፣ በጭንቅላትና በፍራሽ መካከል ያለውን ባዶ ቦታ በልኩ ሞልቶ አንገት ቆመን ሳለን ያለውን ቅርጽ ይዞ እንዲያድር ማድረግ ነው። ከልክ በላይ ከፍ ያለ ትራስም የዚያኑ ያህል ይጎዳል፤ አቅጣጫውን ገልብጦ አንገትን ያጎብጣልና።

ልካችንን እንዴት እናውቃለን?

የባዶው ቦታ መጠን በአተኛኘት ይለያያል። ለመለካት አንድ ግድግዳና አንድ ማስመሪያ ይበቃናል።

በጎን ለሚተኛ፦ አንድ ትከሻችንን ከግድግዳ አስጠግተን ጭንቅላታችንን ሳናዘም ቀጥ ብለን እንቆማለን። ጓደኛችን ከግድግዳው እስከ ጆሮአችን ያለውን ርቀት ይለካል። ለምሳሌ 14 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ ትከሻችን በፍራሹ ውስጥ 3 ሴንቲ ሜትር የሚሰምጥ ከሆነ፣ የሚያስፈልገን ትራስ 11 ሴንቲ ሜትር ነው። ፍራሹ ጠንካራ በሆነ መጠን ትራሱ ከፍ ማለት አለበት። ትከሻው ሰፊ የሆነ ሰውም ከፍ ያለ ትራስ ይሻል።

በጀርባ ለሚተኛ፦ ተረከዝን፣ መቀመጫንና ጀርባን ከግድግዳ አስደግፈን ፊት ለፊት እያየን፣ በማጅራታችን በላይ ባለው የራስ ቅልና በግድግዳው መካከል ያለውን ክፍተት እንለካለን። ይህ ከቀድሞው በጣም ያንሳል፤ ስለዚህ ዝቅ ያለ ትራስ ይበቃል። አገጩ ወደ ደረቱ ተጠግቶ የሚያድር ሰው ትራሱ ከፍ ብሎበታል ማለት ነው።

በሆድ ለሚተኛ፦ ይህ አተኛኘት አንገትን ለሰዓታት ወደ አንድ ጎን ጠምዝዞ ስለሚያቆይ አይመከርም። ልማዱን መተው ለማይችል ግን በጣም ቀጭን ትራስ ወይም ያለ ትራስ መተኛት ይሻላል።

እዚህ ላይ ሊዘነጋ የማይገባው፣ የምንለካው ቁመት ትራሱ ጭንቅላት ካረፈበት በኋላ ያለው መሆኑ ነው። በሱቅ መደርደሪያ ላይ 16 ሴንቲ ሜትር የነበረ ትራስ ስንተኛበት 8 ሴንቲ ሜትር ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በእጅ ጫን ከማድረግ ይልቅ ራስን አሳርፎ፣ ሌላ ሰው ከጎን ሆኖ አፍንጫችንና ደረታችን በአንድ መስመር መዋላቸውን እንዲያይልን ማድረግ ይመረጣል።

እንጨቱ ለምን ያማል?

ብርኩማ ቁመቱ በልክ ከሆነ አንገትን በአግባቡ ይደግፋል። ታዲያ ያልለመደ ሰው ለምን አይችለውም? መልሱ ግፊት ነው። ግፊት ማለት ኃይል ለስፋት ሲካፈል ነው። ጭንቅላት በብርኩማ ላይ የሚነካው ስፋት 50 ካሬ ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ 50 ኒውተን ለ0.005 ካሬ ሜትር ሲካፈል 10,000 ፓስካል ይሆናል፤ ይህም በሜርኩሪ ልኬት 75 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ለስላሳ ትራስ ግን የጭንቅላትን ቅርጽ ተከትሎ ስለሚጎደጉድ የሚነካውን ስፋት ወደ 250 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያሳድገዋል። ግፊቱም ወደ 2,000 ፓስካል፣ ማለትም ወደ 15 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ይወርዳል።

ካፒላሪ የተባሉት እጅግ ቀጫጭን የደም ሥሮች ከ32 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ገደማ በላይ የሆነ ግፊት ለረጅም ጊዜ ከተጫናቸው የደም ዝውውራቸው ይታወካል። በእንጨት ላይ የተኛ ሰው ቶሎ ቶሎ መገላበጡ ስለዚህ ነው። ጥሩ ትራስ እንግዲህ ሁለት ተቃራኒ ጠባዮችን ማስታረቅ አለበት፤ አንገትን ለመደገፍ መጠንከር፣ ግፊትን ለማከፋፈል ደግሞ መለስለስ።

የቀበና ሌሊት

ከአራት ኪሎ ወደ ምሥራቅ ቁልቁል ስንወርድ የምናገኘው ቀበና፣ ከእንጦጦ በሚወርደው ወንዝ ዳርና ዳር የተቀመጠ ሰፈር ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት የሌሊቱ ሙቀት ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ይወርዳል፤ በክረምት ደግሞ እርጥበቱ ይበረታል። ይህ ሁሉ በትራስ ምርጫ ላይ ድርሻ አለው።

ትራስ የሚያሞቀን በውስጡ በያዘው አየር ነው። የአየር ሙቀት አስተላላፊነት በሜትር በኬልቪን 0.025 ዋት ገደማ ሲሆን፣ የጠንካራ እንጨት ግን ከ0.15 እስከ 0.2 ይደርሳል። «በቀበና ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ብቻ ስለሆነ፣ አየሩ ብርድ የመከላከል ጠባዩ ይለወጣልን?» ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ ቢኖር ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱ አይለወጥም ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጄምስ ክላርክ ማክስዌል እንዳሳየው፣ ሙቀት ተሸካሚ ሞለኪውሎች ቁጥራቸው ሲቀንስ እያንዳንዱ ሞለኪውል ሳይጋጭ የሚጓዘው ርቀት በዚያው ልክ ይጨምራል። ሁለቱ ለውጦች ይጣፋሉ።

ብርዱ የሚለውጠው ሌላ ነገር ግን አለ። እ.ኤ.አ. በ1966 ለናሳ በተሠራ ምርምር ለአውሮፕላን መቀመጫ የተፈጠረውና ዛሬ «ሜሞሪ ፎም» በሚል ስም የሚሸጠው ስፖንጅ፣ በሙቀት ሲለሰልስ በቅዝቃዜ ይጠነክራል። ማሞቂያ በሌለው የቀበና ክፍል ይህን ትራስ የሚጠቀም ሰው በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ደረቅ ቢሆንበት ሊገረም አይገባም፤ የሰውነቱ ሙቀት ሲደርሰው ቀስ በቀስ ይለሰልሳል።

መሙያውስ?

ጥጥ፦ በአካባቢ አየር ውስጥ ከክብደቱ 8 በመቶ ያህል እርጥበት ስለሚይዝ ላብን ይመጣል። ድክመቱ ከጊዜ በኋላ መጠቅጠቁ ነው። ያን ጊዜ ትራሱን ፈትቶ፣ እናቶቻችን በደጋን እንደሚነድፉት ጥጡን ነድፎ መመለስ ቁመቱን ያድሳል።

ፋይበር፦ ከፖሊስተር የሚሠራ ሲሆን፣ የሚይዘው እርጥበት ከ1 በመቶ በታች ነው። ቀላልና የሚታጠብ ነው፤ ነገር ግን ቶሎ ይሟሽሻል።

ስፖንጅ፦ አንድ ወጥ ሆኖ የተቆረጠው ቁመቱን በደንብ ይጠብቃል። በቁርጥራጭ የተሞላው ደግሞ ከውስጡ በማጉደል ወይም በመጨመር በልካችን ልናደርገው የምንችል በመሆኑ ለተማሪ ኪስና ለአንገት ሁለቱም ይመቻል።

ላባ፦ ለስላሳ ቢሆንም ቁመቱን አይጠብቅም። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ አንድ የአውስትራሊያ ጥናት በጎናቸው የሚተኙ ሰዎችን ልዩ ልዩ ትራሶች አስሞክሮ፣ ላባ ዝቅተኛውን ውጤት ሲያገኝ ከጎማ ወተት የሚሠራው ላቴክስ የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። ከዚህ የምንማረው ውድነትና ለስላሳነት ለአንገት ዋስትና አለመሆናቸውን ነው።

በትራስ ውስጥ የሚኖሩ እንግዶች

ትራስ ለብቻችን አይደለም። በአቧራ ውስጥ የሚኖሩ፣ ርዝመታቸው 0.3 ሚሊ ሜትር የሚሆን ጥቃቅን ተሕዋስያን ከቆዳችን የሚረግፈውን ቅርፊት እየተመገቡ ይራቡበታል። ኩሳቸው አስምና የአፍንጫ አለርጂ ባለባቸው ሰዎች ላይ ሕመሙን ይቀሰቅሳል። እነዚህ ፍጥረታት ውኃ አይጠጡም፤ እርጥበትን ከአየር ስለሚስቡ፣ የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት ለረጅም ጊዜ ከ50 በመቶ በታች ሲሆን ይደርቃሉ። በአውሮፓ የአልፕስ ተራሮች ከፍታ ላይ ቁጥራቸው አነስተኛ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ይሁን እንጂ ከፍታ ብቻውን አያድንም፤ እንደ ቦጎታ ባሉ ከፍተኛ ሆነው እርጥበት በሚበዛባቸው ከተሞች በብዛት ይገኛሉ። የማንችስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም እ.ኤ.አ. በ2005 ይፋ ባደረጉት ጥናት፣ ለዓመታት ያገለገሉ የላባና የሰው ሠራሽ ትራሶችን መርምረው በየትራሱ በርካታ የሻጋታ ዝርያዎች አግኝተዋል።

ስለዚህ በክረምት ማግሥት ፍራሽና ትራስን ፀሐይ ላይ የማስጣት የቆየ ልማዳችን ሳይንሳዊ መሠረት አለው። የፀሐይ ሙቀት እርጥበቱን ያተናል፤ እርጥበቱ ሲጠፋም ተሕዋስያኑ መኖሪያ ያጣሉ። የትራስ ልብስን በየሳምንቱ፣ ከተቻለም በ60 ዲግሪ ሙቅ ውኃ ማጠብ፣ ለታመመ ሰው ደግሞ ትራሱን በዚፕ በሚዘጋ ጠበቅ ያለ ሽፋን ማልበስ ይጠቅማል።

ልዩ ጥንቃቄ የሚያሻቸው

አንድ ዓመት ያልሞላው ሕፃን ትራስ አያስፈልገውም። ከሰውነቱ አንጻር ጭንቅላቱ ትልቅ ስለሆነ ትራስ አንገቱን ወደ ፊት ያጎብጠዋል፤ ፊቱ በለስላሳ ነገር ቢሸፈንም ራሱን ማላቀቅ ስለማይችል ሊታፈን ይችላል። በጀርባው፣ ጠንካራና ዝርግ በሆነ ፍራሽ ላይ ማስተኛት ሕይወት የሚያድን ጥንቃቄ ነው። እርጉዝ ሴት ግራ ወይም ቀኝ ጎኗን ስትተኛ በጉልበቶቿ መካከል ሁለተኛ ትራስ ብታደርግ ወገቧን ያሳርፍላታል። የጨጓራ አሲድ ወደ ጉሮሮው የሚመለስበት ሰው ደግሞ ትራስ ከመደራረብ ይልቅ የአልጋውን ራስጌ እግሮች ከፍ ቢያደርግ ይሻላል፤ የተደራረበ ትራስ አንገትን ከማጉበጥ በቀር ደረትን አያነሳምና።

ማጠቃለያ

ከላይ ካየነው እንደምንረዳው፣ ለሁሉም ሰው የሚሆን አንድ ጥሩ ትራስ የለም። መጀመሪያ አተኛኘታችንን እንወቅ፤ ቀጥሎ ቁመቱን በግድግዳና በማስመሪያ እንለካ፤ ከዚያም ለአየር ጠባያችንና ለጤንነታችን የሚስማማውን መሙያ እንምረጥ። አዲስ ትራስ ለመግዛት አቅም የሌለው ተማሪም የተጣጠፈ ፎጣ ወይም ጋቢ ከትራሱ ሥር በመጨመር ወይም በመቀነስ ልኩን ሊያገኝ ይችላል። ይህን አስተካክሎ ለሁለትና ሦስት ሳምንት ሞክሮ ሕመሙ ካልተወው፣ ወይም ክንዱን የሚያደነዝዘውና ጥንካሬ የሚያሳጣው ከሆነ፣ ጥፋቱ የትራስ ላይሆን ይችላልና ወደ ሐኪም መሄድ ይኖርበታል። አንባብያን ዛሬ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ጆሮአችሁ ከግድግዳው ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሚርቅ ለክታችሁ፣ ከትራሳችሁ ጋር እንድታስተያዩት እንጋብዛለን።