ቀዝቃዛ ውሃ ጀርምን አይገድልም



ክረምት ሲገባ ለወሊድ መቆጣጠሪያ ወደ ክሊኒካችን ከሚመጡት ባለትዳሮች መካከል ስለ ልጃቸው ተቅማጥ የሚያነሡ አይጠፉም። አንድ ቀን ባለቤቱን አስከትሎ የመጣ የዳባት ነዋሪ የልጃቸው ተቅማጥ ደም እንደተቀላቀለበት ካጫወተኝ በኋላ፣ «ሲስተር፣ እኛ የምንጠጣው እኮ የምንጭ ውሃ ነው። ጥርስ የሚያደነዝዝ ቀዝቃዛ! ምን ጀርም ይኖርበታል?» አለኝ። ልጁን በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ላክነው፤ ታክሞም ዳነ። የአባትየው ጥያቄ ግን የብዙዎቻችን ነው። እኛ ደገኞች ቀዝቃዛውን ውሃ ከንጹሑ ለይተን አናይም።

ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ከሚያመጡት ባክቴሪያዎች አንዱና ዋነኛው ሽጌላ ይባላል። ሽጌላ የአንጀትን ግድግዳ ሰብሮ የሚገባበትን መሣሪያ የሚሠራው በውስጡ ተጽፎ በሚገኝ ትእዛዝ ነው። ይህ ትእዛዝ ጂን ይባላል። መሣሪያ መሥራት ጉልበት ስለሚጨርስ ባክቴሪያው ያለ ቦታው አይሠራውም። በቤታችን ለመብራት ማብሪያና ማጥፊያ እንዳለን ሁሉ ሽጌላም ለእነዚህ ጂኖች አለው።

ማብሪያውን የሚነካው ምንድን ነው ቢሉ አንዱ ሙቀት ነው። ሙቀቱ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያ በታች ሲሆን አንድ ፕሮቲን በጂኖቹ ላይ ተጣብቆ ዘግቶ ይይዛቸዋል። ባክቴሪያው ተውጦ ከሰው ገላ ሙቀት፣ ማለትም ከ37 ዲግሪ ጋር ሲገናኝ የጂኑ ክር ቅርጹን ይለውጣል፤ ፕሮቲኑም ይላቀቃል፤ ትእዛዙ መነበብ ይጀምራል። እንግዲህ በቀዝቃዛው ምንጭ ውስጥ ያለው ሽጌላ መሣሪያውን አላወጣም እንጂ አልሞተም። ማብሪያው ያለው በእኛው ሆድ ነው። ሰውን ለማሳመም ደግሞ ከ10 እስከ 100 የሚሆኑ ባክቴሪያዎች ብቻ ይበቁታል። ይህን ያህሉ በአንድ ጥፍር ሥር ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ልጅ ያጸዳ እጅ፣ የእናትም ይሁን የአባት፣ እንጀራ ከመንካቱ በፊት በሳሙና መታጠብ አለበት። (አባቶች ልጅ አያጸዱም የሚል ካለ በክሊኒካችን ደጃፍ ይቀመጥና ይመልከት።)

የኮሌራው ባክቴሪያ ማብሪያ ሌላ ዓይነት ነው። እርሱ ይቆጥራል! እያንዳንዱ ባክቴሪያ ወደ ውጭ የሚለቀው ኬሚካል አለ፤ ኬሚካሉ ሲበረክት መብዛታቸውን ያውቃሉ። ይህን ቋንቋቸውን ካጠኑት ሳይንቲስቶች አንዷ በአሜሪካ የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ቦኒ ባስለር ናቸው። ብዙ ጀርሞች የሚያጠቁት ከበዙ በኋላ ነው፤ ኮሌራ ግን ተገላቢጦሽ ነው። ጥቂት ሳሉ በአንጀት ላይ የሚጣበቁበትንና መርዝ የሚያመርቱበትን ጂኖች ያበራሉ። ሲበዙ ያጠፏቸውና በተቅማጡ ታጥበው ሌላ ሰው ፍለጋ ይወጣሉ። ከበሽተኛ ገና የወጣው ባክቴሪያ፣ ውሃ ውስጥ ከሰነበተው ይልቅ ለተወሰኑ ሰዓታት የመያዝ ኃይሉ የበረታ ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በምዕራብ ጎንደር ኳራ ወረዳ፣ በበርሜል ጊዮርጊስ ጠበል በተሰበሰበው ሕዝብ መካከል ኮሌራ ገብቶ እንደነበር የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። ብዙ ሰው በአንድ ሥፍራ ሲያድርና ሽንት ቤትና ንጹሕ ውሃ ሲያጥር፣ ትኩሱ ባክቴሪያ ቀጣዩን ሰው ለማግኘት ሩቅ መሄድ የለበትም።

በአንጀታችን ያሉ ባክቴሪያዎች ሁሉ ጠላቶች አይደሉም። ጠቃሚዎቹ ከእህልና ከአትክልት ገለባ ቡቲሬት የሚባል አሲድ ይሠራሉ፤ ይህ አሲድ ሳልሞኔላ የተባለውን ጀርም የወረራ ጂኖች እንደሚያዳክም በላቦራቶሪ ታይቷል። ሆድ በተነካ ቁጥር ከሱቅ ካፕሱል ገዝቶ መዋጥ እነዚህን ወዳጆች ይጨርሳል። የደም ተቅማጥ መድኃኒት የሚያስፈልገው ቢሆንም የትኛው እንደሆነ ጤና ባለሙያ ይወስን።

ውሃውን እስኪንተከተክ አፍሉት፤ ማገዶ ካጠረ ውሃ አጋር በጽሑፉ ላይ ባለው መጠን ጨምሩበት። ተቅማጥ ለያዘው ልጅ ኦ.አር.ኤስ. ስጡት፣ ጡትም አታስጥሉት። የተበጠበጠ ኦ.አር.ኤስ. ከ24 ሰዓት በላይ አይቀመጥም። ከስድስት ወር በታች ላለ ሕፃን ከጡት ሌላ ውሃ እንኳ አያስፈልገውም።

ክኒን ለምትወስዱ እኅቶች አንድ ነገር ልጨምር። ክኒኑን በዋጣችሁ በሁለት ሰዓት ውስጥ ካስመለሳችሁ ሌላ ዋጡ። ትውከቱ ወይም ተቅማጡ ከሁለት ቀን ካለፈ ክኒኑ በደንብ ወደ ሰውነት ላይገባ ስለሚችል፣ ሳታቋርጡ እየዋጣችሁ ከባለቤታችሁ ጋር ኮንዶም ተጠቀሙና ወደ ክሊኒኩ ኑ። በመርፌ፣ በክንድ በሚቀበረው ወይም በሉፕ የምትጠቀሙ ግን ተቅማጥ መከላከያችሁን አይነካውም።