ከእበት ጋዝ የሚቀረው አተላ መሬትን እንዴት እንደሚመግብ

በኢትዮጵያ ደጋ በብዙ ስፍራ እንጨት ስላነሰ፥ እበት ኩበት ሆኖ በምድጃ ይነድዳል። እሳቱ እንጀራ ይጋግራል፤ ነገር ግን ናይትሮጅን የተባለው የአዝመራ ምግብ ከጢሱ ጋራ ስለሚጠፋ እርሻው ይራባል። ምድጃውንም እርሻውንም ባንድነት ለመመገብ የሚያስችለው ጥበብ ባዮጋዝ ይባላል።

እበት በውሃ ተበጥብጦ አየር በማይገባበት ጕድጓድ ሲከተት፥ በዓይን የማይታዩ ደቂቅ ሕዋሳት እየበሉት የሚነድድ ጋዝ ያወጣሉ። ጋዙ ይዞት የሚሄደው ይልቁንም ካርቦንና ሃይድሮጅን ነው፤ ናይትሮጅን፥ ፎስፈረስና ፖታሲየም ግን ከሞላ ጐደል በአተላው ውስጥ ይቀራሉ። እንግዲህ አተላው መልካም ማዳበሪያ ነው፤ ጕድለቱ ከ10 እጅ 9 እጁ ያህል ውሃ በመሆኑ ለማጓጓዝ መክበዱ ነው።

በጀርመን አገር ይህን ችግር በትርፍ ሙቀት ያቃልሉታል። በዚያ ጋዙ በሞተር ተቃጥሎ ኤሌክትሪክ ያስገኛል፤ ከጋዙ ኃይል ከ100 እጅ 40 ያህሉ ኤሌክትሪክ ሲሆን፥ ይህን የሚተካከል ደግሞ ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ከሙቀቱ ከፊሉ ጕድጓዱን 40 ዲግሪ ያህል አሙቆ ያኖራል፤ የተረፈው ከንቱ እንዳይቀር አየር ይሞቅበትና፥ ተጨምቆ ውሃው በተቀነሰው አተላ ላይ ይነፍሳል። የደረቀውም ወደ ሩቅ እርሻ ለመጓዝ ይቀላል።

ነገር ግን እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አተላ ሲሞቅ ከናይትሮጅኑ ብዙው አሞንያ ሆኖ ከእንፋሎቱ ጋራ ይበርራል፤ አፍንጫን የሚሰነፍጠው ሽታ እርሱ ነው። ስለዚህ ከማድረቂያው የሚወጣው አየር በሰልፈሪክ አሲድ ይታጠባል፤ አሞንያውም ከአሲዱ ጋራ ተዋሕዶ አሞንየም ሰልፌት የሚባል ሌላ ማዳበሪያ ይሆናል።

በኢትዮጵያ ከ2001 ዓ.ም. ወዲህ በብሔራዊው የባዮጋዝ ፕሮግራም በገበሬዎች ደጅ የተሠራው ጕድጓድ ጋዙን ለምድጃና ለመብራት ያውላል እንጂ ሞተር የለውም፤ ትርፍ ሙቀትም አይገኝበትም። አተላውን በፀሐይ ማስጣት ቀላል መስሎ ይታያል፤ ይህ ግን ያንኑ ናይትሮጅን ለነፋስ መስጠት ነው። የሚሻለው በዳስ ጥላ ሥር ከጭድና ከደረቅ ቅጠል ጋራ እየደራረቡ በአፈር ከድኖ ማብላላት፥ ወይም እርጥቡን ወስዶ ወዲያው ከእርሻው አፈር ጋራ መቀላቀል ነው።

አስተማሪ ይህን በተማሪ ቤቱ አትክልት ስፍራ ሊያሳይ ይችላል። በሁለት መደብ ጎመን ይትከል፤ ለአንዱ በፀሐይ የደረቀውን፥ ለሁለተኛው በጥላ የተብላላውን ያድርግ። ሽማግሎችም መጥተው ሁለቱን ቢያመዛዝኑ፥ ከቃል ይልቅ ቅጠሉ ያስረዳቸዋል።