የሐረር ጀጎል ግንብና በሮቹ፦ ታሪካዊ አገልግሎታቸውና የጎብኚ መስህብነታቸው

አኅጽሮተ ጥናት

ይህ አጭር ጽሑፍ የሐረር ጀጎልን ግንብና አምስቱን ታሪካዊ በሮቹን ከሁለት አቅጣጫ ይመረምራል፤ አንደኛው በዘመናቸው ይሰጡት የነበረው አገልግሎት፣ ሁለተኛው ዛሬ ለጎብኚ የሚቀርቡበት መንገድ ነው። የግንቡ መስህብነት ከጥንታዊነቱ ብቻ ሳይሆን መግቢያና መውጫን ይቆጣጠር ከነበረው የበሮቹ ሥርዓት እንደሚመነጭ፣ ይህም ሥርዓት በአሁኑ የጉብኝት ልማድ ተገቢውን ስፍራ እንዳላገኘ ጽሑፉ ይሞግታል። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቁልፍ ቃላት፦ ሐረር፣ ጀጎል፣ በሪ፣ ቅርስ፣ ቱሪዝም

1. መግቢያ

በኢትዮጵያ ስለ ግንብ ቅርስ ሲነሳ ቀድሞ የሚታወሰው በ1979 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የጎንደሩ ፋሲል ግቢ ነው። ፋሲል ግቢ ነገሥታቱ የለቀቁት፣ ከሕንፃዎቹ በርካቶቹ ፈርሰው የሚታዩበት ቅጥር በመሆኑ ጎብኚው ባዶውን አዳራሽ በምናቡ እየሞላ ይመለከተዋል። በ2006 የተመዘገበው ሐረር ጀጎል ከዚህ ይለያል። በ48 ሄክታር ገደማ ስፋቱ ውስጥ ሰው ይኖራል፣ ይነግዳል፣ ይሰግዳል። በዩኔስኮ መዝገብ 82 መስጊዶችና 102 የአውልያ መዘየሪያ ስፍራዎች ተቆጥረውለታል። ስለዚህ ለፈረሰ ቤተ መንግሥት የሚስማማው የጉብኝት ስልት ለጀጎል እንዳለ ሊወሰድ አይችልም።

2. የግንቡ ታሪክ

የአዳል ሱልጣኔት መቀመጫውን ወደ ሐረር ያዛወረው በ1520 ነው። ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም በ1543 ከሞቱ በኋላ ከተማዋ በአንድ በኩል ከክርስቲያኑ መንግሥት ጋር በቀጠለው ጦርነት፣ በሌላ በኩል በዘመኑ በነበረው የኦሮሞ መስፋፋት ብርቱ ፈተና ገጠማት። የአካባቢው ትውፊት ግንቡን የሚያያይዘው በዚህ ወቅት ከገዙት ከአሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ጋር ነው። ዩኔስኮ በበኩሉ የግንቡን ግንባታ ከ13ኛው እስከ 16ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ያስቀምጠዋል። ሁለቱ አመለካከቶች የግድ አይጣረሱም። ከተማ የሚከብብ ቅጥር በየዘመኑ ሊታነጽ፣ ሊጠገንና ሊጠናከር ስለሚችል፣ ትውፊቱ የሚያስታውሰው ግንቡ ለከተማዋ ህልውና ወሳኝ የሆነበትን ጊዜ ነው ማለት ይቻላል።

ሐረር በ17ኛው ክፍለ ዘመን ራሷን የቻለች የአሚሮች መንግሥት ሆነች። ከ1875 እስከ 1885 በግብፅ ተያዘች፤ በ1887 ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ በአፄ ምኒልክ ግዛት ሥር ገባች። ከዚያ ወዲህ ከተማዋ ከቅጥሩ ውጭ እየሰፋች በመሄዷ ግንቡ የመከላከያነት አገልግሎቱን አጣ። ሆኖም የአሮጌው ከተማ ወሰን መሆኑን አልተወም።

3. የበሮቹ ሥርዓት

ግንቡ ወደ 3.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ይዘረጋል፤ ቁመቱም ወደ 4 ሜትር ይጠጋል። አምስቱ በሮች በሐረሪኛና በአማርኛ የተለያየ መጠሪያ አላቸው። በሰሜን አሱም በሪ (ፈላና በር)፣ በምሥራቅ አርጎብ በሪ (ኤረር በር)፣ በደቡብ ምሥራቅ ሱቁጣጥ በሪ (ሰንጋ በር)፣ በደቡብ በድሮ በሪ (ቡዳ በር)፣ በምዕራብ አስመዲን በሪ (ሸዋ በር) ይገኛሉ። ኤረርና ሸዋ የሚሉት መጠሪያዎች በሩ የሚያወጣበትን አቅጣጫ ያመለክታሉ። ከተማዋም በአምስቱ በሮች ልክ በአምስት ሰፈሮች ተከፍላ ትተዳደር ነበር።

በሮቹ ሌሊት ይዘጉ ነበር፤ የውጭ ሰውም ያለ ፈቃድ አይገባባቸውም። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በጥር 1855 ሐረር ሲደርስ ፈቃድ እስኪመጣለት በር ላይ መጠበቅ ግድ ሆኖበታል። በአንጻሩ በግንቡ ሥር ጅቦች ሌሊት እየገቡ ጥራጊውን እንዲያጸዱ የተተዉ ቀዳዳዎች አሉ። ግንቡ እንግዳውን አስቁሞ እየጠየቀ ጅቡን ማሳለፉ፣ ማን መቼ በየት በኩል ይግባ የሚለው ጉዳይ በጥንቃቄ የታሰበበት እንደነበር ያስረዳል።

4. የአሁኑ የጉብኝት ልማድ

ዛሬ በመኪና የሚመጣ ጎብኚ ብዙውን ጊዜ የሚገባው ከአምስቱ በአንዱ ሳይሆን፣ በቅርብ ዘመን በተሠራው ስድስተኛ በር፣ በሐረር በር ነው። ከዚያ ዋናው መንገድ በቀጥታ ወደ ፈረስ መጋላ ያደርሰዋል። የራምቦ ቤት የሚባለውን ሙዚየም፣ የሸሪፍን ሙዚየም፣ የሐረሪን ባህላዊ ቤትና የልብስ ሰፊዎቹን መኪና ግርግር ተመልክቶ፣ ሲመሽ የጅብ ምገባውን አይቶ ይመለሳል። እነዚህ ሁሉ ሊታዩ የሚገባቸው ናቸው። ነገር ግን ለከተማዋ ስሟን የሰጣትን ግንብ ጎብኚው የሚያየው ሲያልፍ ብቻ ይሆናል። ራሱ በር ላይ ቆሞ ስለማያውቅ፣ የውስጡ ጠባብ መንገድና ወደ ግቢ የዞረው ቤት ለምን እንደዚያ እንደሆነ አይገለጥለትም።

ይህ የጉብኝት ችግር ብቻ አይደለም። ገቢው በጥቂት ስፍራዎች ሲከማች በየበሩ የሚነግዱት እናቶችና በግንቡ ጥግ የሚኖሩት ቤተሰቦች ከቅርሱ የሚያገኙት ጥቅም ያንሳል። ጥቅሙን ያላየ ነዋሪ ደግሞ ከግንቡ ድንጋይ ሲወድቅ ለመጠገን የሚነሳሳበት ምክንያት ይቀንሳል፤ ቢጠግንም ሲሚንቶ ይቀለዋል። ሲሚንቶ ግን በድንጋይና በጭቃ በታነጸ ቅጥር ላይ እርጥበት አምቆ ጉዳቱን ሊያባብስ ይችላል።

5. መደምደሚያና አስተያየት

ግንቡን ከበር ወደ በር እየተዘዋወሩ የሚጎበኙበት የእግር መስመር ቢዘጋጅ፣ ርዝመቱ ለግማሽ ቀን ጉብኝት ተስማሚ ነው። በየበሩ የሐረሪኛውና የአማርኛው መጠሪያ፣ የሚወስድበት መንገድና የሰፈሩ ታሪክ ቢገለጽ ጎብኚው የከተማዋን አሠራር ሊረዳ ይችላል። አስጎብኚዎቹ ከየሰፈሩ ቢመረጡ ገቢውም ይከፋፈላል። ይሁንና መስመሩ የሰው ደጃፍ የሚያቋርጥ ስለሆነ፣ ጎብኚ በየት በኩል ይለፍ፣ የትስ አይግባ የሚለውን መወሰን ያለባቸው በቅድሚያ ነዋሪዎቹ ናቸው። ጀጎል ለዘመናት የሠራበት ሥርዓትም ይኸው ነበር፤ እንግዳ ይገባል፣ የሚገባው ግን አስፈቅዶ ነው።