የዝናብ ትንበያና ተወኩል ይጋጫሉን?





ወጣቶች ብዙ ጊዜ የሚያነሱት ጥያቄ አለ፦ «የዝናብ ገይብ እውቀት የአላህ (ሱ.ወ) ብቻ ከሆነ፣ የሜትዎሮሎጂ ትንበያ መከታተል ኢማናችንን አይነካም ወይ?»

መልሱን ለማግኘት መጀመሪያ ትንበያው እንዴት እንደሚሠራ እንይ። ባለሙያዎች የባሕርን ሙቀት፣ ነፋስንና እርጥበትን ይለካሉ። ልኬቱን ኮምፒውተር ላይ ያስገቡና መነሻውን በጥቂቱ እየቀያየሩ ስሌቱን ደጋግመው ያስኬዳሉ። ከመቶው ስሌት ስልሳው ደረቅ ወቅት ካሳየ፣ «ደረቅ የመሆን ዕድሉ 60 በመቶ ነው» ይላሉ። ልብ በሉ! «አይዘንብም» አላሉም። ይህ አላህ በፍጥረቱ ውስጥ ያኖረውን ሰበብ ማንበብ እንጂ ገይብን አውቃለሁ ማለት አይደለም።

ይህ ደግሞ የሕይወት ጉዳይ ነው። ከእ.ኤ.አ. 2020 መጨረሻ እስከ 2022 መጨረሻ በሶማሌ ክልል፣ በቦረና፣ በሶማሊያና በሰሜን ኬንያ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሸፉ። አንዱ ዋና ሰበብ ላኒና፣ ማለትም የፓስፊክ ውቅያኖስ መካከለኛና ምሥራቃዊ ክፍል መቀዝቀዝ ነበር። በ2023 መጨረሻ ደግሞ ኤልኒኞ መጣ፤ የሕንድ ውቅያኖስ ምዕራባዊ ክፍልም ሞቀ። ያው በድርቅ የተጎዳ መሬት በጎርፍ ተጥለቀለቀ። በደረቅ አገር ችግሩ የውኃ ማነስ ብቻ አይደለም፤ ሲመጣ የሚያዝበት ማጣትም ነው።

እስቲ አንድ ምሳሌ እናስላ። በአንድ ቦታ የአምስት ዓመት ዝናብ 500፣ 150፣ 200፣ 450 እና 200 ሚሊ ሜትር ነው እንበል። አማካዩ 300 ነው። ነገር ግን ከአምስቱ ዓመታት ሦስቱ ከአማካዩ በታች ናቸው! በአማካይ ያቀደ ሰው በሦስቱ ይጠማል። ብልህ ሰው ለደረቁ ዓመት ያቅዳል።

አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ነው። የመስጂዳችን ጣሪያ 200 ካሬ ሜትር ቢሆን፣ በደረቁ ዓመት (150 ሚሊ ሜትር) 30,000 ሊትር ይወርድበታል። አንድ አምስተኛው ቢባክን እንኳ 24,000 ሊትር ይቀራል። ቧንቧ ከፍተን ለአንድ ውዱእ 6 ሊትር ብናፈስ ለ4,000 ውዱእ ይበቃል። በማንቆርቆሪያ 1.5 ሊትር ብንጠቀም ግን ለ16,000! ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ውዱእ ያደርጉ የነበረው በአንድ ሙድ፣ ማለትም ሁለት እጅ ተገጥሞ በሚይዘው ያህል ውኃ እንደነበር በሶሒሕ ሐዲስ ተዘግቧል።

ወዳጆቼ፣ ግመሉን ሳያስር «ተወከልኩ» ያለውን ሰው ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መጀመሪያ እንዲያስር አዘውታል። ትንበያ መስማት፣ ብርካ መቆፈር፣ ጣሪያ ላይ አሸንዳ መግጠም የእኛ ማሰሪያ ነው። ሶላተል ኢስቲስቃእ ሰግደን እጃችንን ስናነሳ፣ የሚወርደውን ራሕመት የምንቀበልበት ዕቃ ይኑረን።

የዚህ ሳምንት ሥራችን፦ የመስጂዳችሁን ጣሪያ ለኩ፣ አስሉ፣ ውጤቱን ለኮሚቴው አሳዩ። ውኃ ማጠጣት ከታላላቅ ሰደቃዎች ነውና።

ያ አላህ! ጠቃሚ ዝናብ ስጠን፤ የሰጠኸንን ከሚያባክኑት አታድርገን። ኣሚን።