ከስግድ ንባብ ቀጥሎ ያለው ምዕራፍ፤ ምድር፣ ዕዳና የጡረታ ገንዘባችን



ከዮም ኪፑር በኋላ በ50ኛው ቀን፣ በሔሽቫን ወር በ29ኛው ቀን፣ የስግድ በዓላችን እንደሚውል የታወቀ ነው። ክኔሴት በ2008 ሕግ ካወጣ ወዲህ ደግሞ የመላው እስራኤል በዓል ሆኗል (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ቄሶቻችን በዚህ ቀን ከሚያነቡት አንዱ ከነህምያ መጽሐፍ፣ ሕዝቡ ጾሞና ማቅ ለብሶ፣ ኃጢአቱን ተናዝዞ ወደ እግዚአብሔር የተመለሰበት ክፍል ነው። ይህንን ከእኛ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ፤ በሀገር ቤት ድንጋይ በራሳችሁ ተሸክማችሁ ተራራውን የወጣችሁት እናንተ ናችሁ። እኛ በየሺቫ የምንማር ልጆቻችሁ ዛሬ ልናካፍላችሁ የፈለግነው ከዚያ ንባብ ቀጥሎ ስላለው ምዕራፍ ነው።

ሕዝቡ አልቅሶ ብቻ ወደ ቤቱ አልገባም። በምዕራፍ 10 ላይ የገባውን ቃል በጽሑፍ አሰፈረ፣ አለቆቹም ማኅተማቸውን አኖሩበት። ከቃሎቹ መካከል በሰንበት ቀን ከሚመጡ ነጋዴዎች እህልና ሸቀጥ ላለመግዛት፣ በሰባተኛውም ዓመት ምድሪቱን ለመተውና ዕዳን ሁሉ ለመልቀቅ የገቡት ይገኛል። ልብ በሉ፤ ኦሪት የምድሪቱን ዕረፍት በዘሌዋውያን 25፣ የዕዳውን ነገር በዘዳግም 15 ለየብቻ ነው ያስቀመጠችው። ነህምያና ሰዎቹ ግን ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ ተናገሯቸው። ለምን ይሆን?

ለዚህ መልስ ለማግኘት አምስት ምዕራፍ ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። በምዕራፍ 5 ላይ ድሆች ከነሚስቶቻቸው እየጮኹ ይመጣሉ። አንዱ ልጆቼ ብዙ ናቸውና የምንበላው እህል እንፈልጋለን ይላል። ሌላው ረኃብ ስለ ሆነ እርሻዬንና ወይኔን፣ ቤቴንም አስይዣለሁ ይላል። ሦስተኛው ለንጉሥ ግብር ለመክፈል ተበድሬአለሁ ይላል። ልጆቻቸውን ለባርነት እስከ መስጠት ደርሰው ነበር። አበዳሪዎቹ ፋርሶች ወይም ሌሎች ባዕዳን አልነበሩም፤ የገዛ ወንድሞቻቸው ነበሩ። ነህምያ ይህን በሰማ ጊዜ እጅግ ተቆጣ፣ ትልቅ ጉባኤም ጠራ። እዚህ ላይ በጣም የሚያስደንቀን ነገር አለ። ነህምያ ባለጸጎቹን ከገሠጸ በኋላ፣ እርሱና ወንድሞቹ፣ ብላቴኖቹም ጭምር ለሕዝቡ ገንዘብና እህል እንዳበደሩ በአደባባይ ይናገራል፤ ከዚያም ሁላችንም እንተወው ይላል። ራሱን ከጉዳዩ ውጭ አላደረገም።

እንግዲህ ነገሩን ስንመረምረው፣ ረኃቡ የመጣው ከሰማይ ነው፤ እርሻውን ማን እንደሚያጣና ማን እንደሚወስደው የወሰነው ግን ገንዘብ ነው። ድርቅና ብድር አብረው ይሄዳሉ። ስለዚህ መድኃኒታቸውም አብሮ ተጻፈ።

አባቶቻችንና እናቶቻችን ክፉ ቀን የሚባለውን ከወላጆቻቸው የሰሙ ናቸው። ከ1888 እስከ 1892 ድረስ የከብት በሽታ፣ ድርቅና አንበጣ ተከታትለው መጡ፤ በሬው ያለቀበት ገበሬ ማረስ አቃተው፤ ከቤተ እስራኤልም እጅግ ብዙ ሰው አለቀ። አብዛኛው ሕዝባችን ርስት ስላልነበረው፣ የሰው መሬት እያረሰና በእጅ ሥራው እየኖረ፣ ችግር ሲመጣ የሚደገፍበት አልነበረውም። ያ መከራ ከፋብሪካ ጭስ የመጣ አልነበረም። ዛሬ የሆነው ግን ከዚህ ይለያል። ከ2020 ጀምሮ በቦረና፣ በሶማሌ ክልል፣ በሶማሊያና በሰሜን ኬንያ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሸፉ፤ ከብቶች በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሆነው አለቁ። የአየር ንብረት ተመራማሪዎች በ2023 ባወጡት ጥናት፣ ሰው የከሰል ድንጋይ፣ ነዳጅ ዘይትና ጋዝ በማቃጠሉ የመጣው ሙቀት እንዲህ ያለውን ድርቅ የመከሰት ዕድሉን ቢያንስ 100 እጥፍ እንዳሳደገው ገለጹ። 2024 ደግሞ የዓለም ሙቀት ከፋብሪካ ዘመን በፊት ከነበረው በ1.5 ዲግሪ በላይ ከፍ ያለበት የመጀመሪያው ሙሉ ዓመት ሆኗል። የቦረናው አርብቶ አደር መኪና የለውም፣ ፋብሪካም የለውም።

አንዳንድ ሰው ዝናብ የእግዚአብሔር ነው፣ የእኛ ድርሻ ምሕላ ነው ይለናል። እውነት ነው፤ ስግድም ራሱ ምሕላ ይባል ነበር። ሆኖም ሊቃውንቶቻችን በሚሽና፣ በታዓኒት ምዕራፍ 2፣ ዝናብ ሲጠፋ ሽማግሌው ለጾመኛው ሕዝብ ምን እንደሚናገር አስተምረውናል። ይኸውም በነነዌ ሰዎች ዘንድ የታየው ማቃቸውና ጾማቸው ሳይሆን ከክፉ ሥራቸው መመለሳቸው መሆኑን ያስታውሳቸዋል። በዚያው መጽሐፍ በታልሙዱ ክፍል ራቢ አሚ የዝናብን መከልከል ከቅሚያ ኃጢአት ጋር ያያይዘዋል። ቅሚያ ደግሞ የገንዘብ ጉዳይ ነው።

ታዲያ ጭሱ ቅሚያ ነው ወይ? በባባ ባትራ ምዕራፍ 2 ላይ ሚሽና ሰው በገዛ ቦታው ላይ የሚሠራው ሥራ ጎረቤቱን እንዳይጎዳ ስንት ክንድ መራቅ እንዳለበት ይዘረዝራል። የቆዳ ማልፊያ ከከተማ 50 ክንድ ይርቃል፣ ያውም በምሥራቅ በኩል ብቻ፤ ሽታው ወደ ሕዝቡ እንዳይነፍስ ነው። ዐውድማም እንዲሁ 50 ክንድ ይርቃል፣ ገለባው ይጎዳልና። ከዚህ ሁሉ ይበልጥ ለዘመናችን የሚስማማው በታልሙዱ ገጽ 23 ላይ ያለው ነው። በተለምዶ አንድ ሰው ጎረቤቱ እያየ ዝም ካለው፣ ከጊዜ በኋላ ሥራውን የመቀጠል መብት ያገኛል፤ ይህ ሐዛካ ይባላል። ለጭስ ግን ሐዛካ የለም። ጎረቤቱ ለብዙ ዘመን ዝም ቢልም እንኳ፣ ዛሬ ተነሥቶ ጭስህ ጎዳኝ ቢል ይሰማለታል። እስከ ዛሬ ስናጨስ ማንም አልተናገረንም የሚል ክርክር በቤት ዲን ፊት አይቆምም ማለት ነው።

ወደ ቤታችን እንመለስ። በእስራኤል ከጥር 2008 ጀምሮ ለእያንዳንዱ ተቀጣሪ የጡረታ ገንዘብ፣ ማለትም ፔንሲያ፣ እንዲጠራቀም ግዴታ ሆኗል። ዛሬ በጠቅላላው ከደመወዙ 18.5 በመቶ ይገባል፤ 6ቱ ከሠራተኛው፣ ቀሪው ከአሠሪው ነው። ይህ ገንዘብ በሣጥን ውስጥ ተቆልፎ አይቀመጥም። ኬረን ፔንሲያው አክሲዮንና ቦንድ ይገዛበታል፤ በባንክ፣ በመንገድ፣ በሕንፃ፣ በጋዝና በነዳጅ ኩባንያም ላይ ያውለዋል። በኩባንያዎቹ ጉባኤ ላይም በቆጣቢዎቹ ስም ድምፅ ይሰጣል። ስለዚህ ሌሊት የምትጠብቁ፣ ቢሮ የምታጸዱ፣ ሽማግሌ የምትጦሩ ሁሉ፣ ሳታውቁት የብዙ ኩባንያዎች ባለድርሻ ሆናችኋል።

ባለድርሻነት በሃላካ ምን ማለት እንደሆነ ሊቃውንቱ ተከራክረዋል፤ ክርክሩ የተነሣው በተለይ ስለ ሐሜጽና ስለ ወለድ ነው። ራቢ ይጽሓቅ ያዕቆብ ዋይስ በሚንሓት ይጽሓቅ መጽሐፋቸው፣ አክሲዮን ያለው ሰው እንደ ሸሪክ ይቆጠራል ወደሚለው ያዘነብላሉ። ራቢ ሞሼ ፋይንሽታይን በኢግሮት ሞሼ ግን፣ ድርሻው ትንሽ የሆነና በአስተዳደሩ ቃል የሌለው ሰው እንደ ባለቤት አይታይም ብለዋል። ስናጠናው አንድ ነገር ታየን። የማቅለያው ሐሳብ የቆመው ሰውየው ቃል የለውም በሚለው ላይ ነው። ሕጉ ግን ሠራተኛው ኬረኑንና ገንዘቡ የሚውልበትን መንገድ፣ ማስሉል የሚባለውን፣ እንዲመርጥ ይፈቅዳል። ሃላካን የሚከተል ማስሉል ያላቸው ኬረኖችም አሉ። ምርጫ ባለበት ቦታ ቃል የለኝም ማለት ይከብዳል። ይህ የቤት ሚድራሽ ሐሳብ እንጂ ፍርድ አይደለም፤ የሚፈርዱት ራቢዎች ናቸው።

የሌሎች ሃይማኖቶች ሰዎችም በዚህ ጉዳይ ተንቀሳቅሰዋል፤ ሊቃውንቶቻችን ጥበብ በአሕዛብም ዘንድ እንደሚገኝ ስላስተማሩን ብንሰማቸው ነውር የለውም። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ለቀሳውስቷና ለሥራዋ ብዙ ገንዘብ በአክሲዮን አላት። በ2018 ሲኖዶሷ የነዳጅ ኩባንያዎች እስከ 2023 ድረስ ከፓሪሱ ስምምነት ጋር የሚስማማ ዕቅድ እንዲያወጡ ጊዜ ሰጣቸው። በእነዚያ ዓመታት እንደ ባለድርሻ በጉባኤያቸው እየተገኘች ስትወተውት ቆየች፤ ጊዜው ሲደርስ፣ በሰኔ 2023፣ አልተመለሱም ብላ ከቀሩት የዘይትና የጋዝ ኩባንያዎች ለመውጣት ወሰነች። በኦሪት ቋንቋ ይህ ተግሣጽ ነው፤ በዘሌዋውያን 19 ባልንጀራህን ገሥጸው የተባለው አስቀድሞ ነው፣ መለየት ኋላ ነው። ከእኛም ወገን በ2015 በአሜሪካ ከ400 በላይ ራቢዎች ስለ አየር ንብረት በጋራ ደብዳቤ ጽፈዋል፤ የሽሚታንም ነገር አንስተዋል። በዚያው ዓመት የካቶሊኩ ጳጳስ ፍራንሲስና በኢስታንቡል የተሰበሰቡ ሙስሊም ሊቃውንትም የየራሳቸውን ቃል አውጥተዋል። የእስራኤል መንግሥትም በጥር 2023 አረንጓዴ የሚባለውን ቦንድ ለመጀመሪያ ጊዜ ሸጦ 2 ቢሊዮን ዶላር ሰብስቧል። (አረንጓዴ የተባለ ሁሉ አረንጓዴ አይደለም፤ ቀለም የተቀባም አለና መጠየቅ ያስፈልጋል።)

ይህ ሁሉ የፈረንጅ ነገር ይመስል ይሆናል። ነገር ግን በባባ መጺዓ ምዕራፍ 5 ሚሽና፣ አንተ ከእኔ ጋር አርም፣ እኔም ከአንተ ጋር አርማለሁ መባባል እንደሚፈቀድ፣ አንተ አርምልኝ እኔ እኮተኩትልሃለሁ መባባል ግን እንደማይፈቀድ ያስተምራል፤ ሥራዎቹ እኩል ስላልሆኑ ትርፉ ወለድ እንዳይሆን ነው። ይህንን ስናነብ ሁላችንም ተያየን፤ ወንፈል ነዋ! አያቶቻችን በጎንደር ሲያደርጉት የነበረው፣ ቀን በቀን የሚመለስ ወንፈል። ዕቁባችንም ያለ ወለድ ተሰብስቦ ያለ ወለድ ይወጣል። ገንዘብ በማን ላይ ምን እንደሚያደርግ እያዩ ማንቀሳቀስን የለመደ ሕዝብ ነን።

አሁን ስለሚደረገው ነገር። ከቢቱዋሕ ሌኡሚ የሽምግልና ክፍያ ብቻ የምታገኙ አባቶችና እናቶች ይህ በቀጥታ አይመለከታችሁም፤ ለልጆቻችሁ ንገሯቸው። ሥራ ላይ ያላችሁ በመጀመሪያ ትሉሻችሁን ተመልክታችሁ ገንዘቡ ወደ የትኛው ኬረን እንደሚገባ እወቁ። ብዙ ቦታ የሠራ ሰው የረሳው ገንዘብ ሊኖረው ይችላል፤ ሃር ሃኬሴፍ በሚባለው የመንግሥት አገልግሎት በመታወቂያ ቁጥር መፈለግ ይቻላል። በቁጣ ተነሥቶ ገንዘቡን ማውጣት ግን ትልቅ ጉዳት ነው፤ ያለ ጊዜው ለሚወጣ ገንዘብ ቢያንስ 35 በመቶ ግብር ይቆረጣል፣ የቤተሰቡም ዋስትና ይጎድላል። ከኬረን ወደ ኬረን ከመዛወራችሁ በፊትም የአስተዳደር ክፍያውን፣ ዴሜ ኒሁል የሚሉትን፣ እና የአካል ጉዳት መድኑን አወዳድሩ። በዚያው ኬረን ውስጥ ማስሉል መቀየር ከዚህ ሁሉ ይቀላል፤ ግብርም አያስከፍልም።

በስልክ ለመጠየቅ የሚበቃው ዕብራይስጥ ይህ ነው፤ «ቤኤዜ ማስሉል ኒምጻ ሃኬሴፍ ሼሊ?» ማለትም ገንዘቤ በየትኛው ማስሉል ነው ያለው። ቀጥሎም፤ «ዬሽ ላኬም ማስሉል ሃላካ?» መልሱን ለመጻፍ ዕብራይስጥ የሚችል ልጅ ወይም የልጅ ልጅ አጠገባችሁ ቢቀመጥ መልካም ነው፤ ጥያቄውን ግን እናንተው ጠይቁ፣ ገንዘቡ የእናንተ ነውና።